ለተኳሽ ወሬ አይነገርም

መስከረም 20

ለምወድህና ለማከብርህ አጎቴ፣

ይህ ደብዳቤ መነጽርህን ግንባርህ ላይ ሰቅለህ «መነጽሬን ያየ» እያልክ ቤቱን ስታምስ ይድረስህ። ጤና አይለይህ፤ ቁልፍ የሚቀርጸው እጅህም አይዛል። እኔ እንደ ደንቡ «ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም» ብዬ ልጀምር ነበር። አንተ ግን ማስመሰል አትወድም። ስለዚህ ጎድሎኛል። መምታት አቅቶኛል፣ ጋሼ።

ሦስት የዒላማ ወረቀት አጥፌ ልኬልሃለሁ፤ ብርሃን ላይ ያዛቸውና እያቸው። እንደ ድሮው ቀዳዳዎቹ ጥቁሩ ክብ መሃል አልተሰበሰቡም። አንዱ እላይ ነው፣ አንዱ እታች፣ አንዱ ከወረቀቱ ሊወጣ ጠርዝ ይዟል። ወደ ቀኝ ቢያደላ ማነጣጠሪያውን አስተካክዬ እገላገል ነበር። ይህ ግን ወዴትም አያደላም። ሽጉጡን ለባለሙያ አሳየሁት፣ ምንም የለበትም አለኝ። ጥይቱን ቀየርኩ፣ ያው ነው።

የተኩስ መለማመጃ አዳራሻችን ከመዋኛ ገንዳ ሥር ያለ ምድር ቤት ነው። ከላይ ሰው ሲዘል ጣሪያው ድም ይላል። እሱንም ለምጄዋለሁ፣ አላመካኝበትም። ሥራዬም ያው መነጽር ቤት ነው፤ መስታወቱን ፍሬም ውስጥ አስገብቼ ጥቃቅን ብሎኖቹን አጠብቃለሁ። ሰሞኑን ብሎኖቹ ከእጄ እየወደቁ ባለሱቋ ወለል ላይ እየተንበረከከች ትለቅምልኛለች። በዕድሜዋ መንበርከክ አልነበረባትም።

በጥር መጨረሻ ማጣሪያ አለብን። ክለቡ ለቡድኑ የሚወስደው አንዲት ሴት ብቻ ነው። ወይ እኔ፣ ወይ ረጅሟ። ስም አላት፣ ግን እኔ ረጅሟ ነው የምላት። ይህን ቀን ምን ያህል እንደጠበቅነው አንተ ታውቃለህ። እጄን ይዘህ ስታስተምረኝ እንዲያውም ከኔ በላይ የጓጓኸው አንተ ነበርክ።

እማዬን ስደውል አላገኛትም። ስልኩን የምታነሳው አንተ ነህ፤ ጆሮህን ደግሞ የተኩሱ ዘመን በልቶታል፤ «አለን፣ አለን» ትልና ትዘጋዋለህ። እባክህ ስልኩን ለእሷ ስጣት።

እጅህን የምትስም
ድምቢጥህ


ጥቅምት 12

ለእህቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ ለድምቢጥ፣

ያሰብሽው ይሙላልሽ፣ የጨበጥሽው አይውደቅብሽ። ብሎኑንም ጨምሮ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ምሳ ቀርቦልኝ ነበር፤ ምሳዬን ትቼ አነበብኩት፤ አንብቤ ስጨርስ ምሳው ቀዝቅዞ ነበር፤ ቀዝቅዞም በላሁት። እኛ ሁላችን ደህና ነን።

ወረቀቶቹን ቁልፍ ከምቀርጽበት ማሽን መብራት ፊት ይዤ አየኋቸው። ይህ የዓይን ጥፋት አይደለም፤ ዓይን ሲስት በአንድ ወገን ነው የሚስተው። የምላጭ ጥፋትም አይደለም፤ ምላጩን በድንጋጤ የሚስብ ሰው ጥይቱ ወደ ታች ይወርድበታል። እንዲህ የሚበተነው ልብ ሲረበሽ ነው። አንቺ ፈርተሻል። ማጣሪያው አስፈርቶሻል። አትፈሪ አልልሽም፤ ፍርሃት የሌለው ተኳሽ አላየሁም። ነገር ግን ክርንሽን ቆልፊ። ትንፋሽሽን ግማሹን አውጪ፣ ግማሹን ያዢ። ልብ በመታች ቁጥር ክንድን ትንሽ ትገፋለች። ጎበዝ ተኳሽ በሁለት ምት መሃል ያለችውን ጸጥታ ጠብቆ ነው የሚስበው። ያቺን ጸጥታ ፈልጊያት። እግርሽን ደግሞ ከትከሻሽ እንዳይሰፋ። አንገትሽን አታጣምሚ። ክርኑን አልኩሽ?

የክለባችንን ሕግ መቼም አልረሳሽም። ማጣሪያ ሲቃረብ ለተኳሽ ወሬ አይነገርም፤ ክፉም ይሁን ደግ። አብሮን ይተኩስ የነበረው አናጢ፣ ሚስቱ መንታ ስትገላገል የመጨረሻዋን ጥይት እስኪተኩስ አፋችንን ለጉመን ቆየን። ዋንጫውን ይዞ ሆስፒታል ሲገባ ሚስቱ ዋንጫውን በመስኮት ወረወረችው ይባላል። እኔን እስከ ዛሬ ሰላም አትለኝም። ቢሆንም አንደኛ ወጥቷል። ስለዚህ አንቺም ከዚህ ከሰፈር ወሬ አትጠብቂ። ጭንቅላትሽ ውስጥ ከጥቁሩ ክብ በቀር ምንም አይግባ።

እናትሽ ደህና ናት። ትንሽ ጉንፋን ይዟት ድምጿ ስለተዘጋ ነው ስልክ ያላነሳችው።

ፈጣሪ ክንድሽን ያጽናልሽ
አጎትሽ


ኅዳር 8

ለውድ አጎቴ፣

ሰላምህ ይብዛ። ምክርህን ተቀብዬ፣ ታጥቤ፣ ተኝቼ፣ ተነሥቼ ሞከርኩት። እግዜር ይስጥልኝ። አልሠራም።

ፈርተሻል ካልከኝ ወዲህ ፍርሃቱን ስፈልግ ከረምኩ፤ የት እንደተቀመጠ አላገኘሁትም። እኔ ስፈራ ሆዴን ይቆርጠኛል፣ ታውቃለህ። አሁን ሆዴ ደህና ነው፤ እንዲያውም ከመጠን ያለፈ ደህና ነው። እንደ አራስ እበላለሁ፣ ቀሚሴ ግን በላዬ ላይ እየሰፋ ነው። የክለቡ ሴቶች «ምን አድርገሽ ነው የከሳሽው?» ብለው በቅናት ይጠይቁኛል። ሰው ሁሉ ካፖርት ደርቦ ሲቀመጥ እኔ እያላበኝ መስኮት እከፍታለሁ፤ እነሱ ተነሥተው ይዘጉታል፣ እኔ ተነሥቼ እከፍተዋለሁ። በዚህ ጉዳይ ከፀጉር አስተካካዩ ጋር ተጣልተናል። እሱም ክለባችን ውስጥ ይተኩሳል፣ ደግ ሰው ነው፤ በብርድ ግን ቀልድ አያውቅም።

ደግሞስ ፍርሃት ከሆነ መነጽር ቤት ምን ይሠራል? እዚያም እጄ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ማን ይወዳደረኛል? ያለችው ባለሱቋ ናት፣ እሷ ደግሞ የሰባ ዓመት ባልቴት ናት።

በሁለት ምት መሃል ተኩሺ አልከኝ። መሃል የለም፣ ጋሼ። ተጋድሜ እንኳ ልቤ ፎቅ ሮጣ እንደወጣች ሁሉ ትመታለች፤ አንዱ ምት ሳያልቅ ሌላው ይደርሳል። ጸጥታዋን እጠብቃለሁ፣ ክንዴ ይደክማል፣ ሽጉጡን አወርዳለሁ። ባለፈው ልምምድ ከረጅሟ በብዙ ነጥብ አነስኩ። የክለቡ አሰልጣኝ እንኳ አልተቆጣችኝም። መቆጣት ስትተው ነው የምፈራት። እነሆ፣ አንድ ፍርሃት አገኘሁልህ።

ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ሰነፍኩ እንዳልል እለማመዳለሁ። ታመምኩ እንዳልል የሚያመኝ ቦታ የለም። ግራ ገብቶኛል።

ስለ ክርኔ አንድ ገጽ ጽፈህልኛል፤ ስለ እናቴ አንድ መስመር። ጉንፋን ይህን ያህል ይከርማል? ትናንትም ደውዬ አንተው ነህ ያነሳኸው። ከኋላህ የብርጭቆ ድምፅ ሰማሁ፤ ሰው አለ። ለምን አትሰጣትም?

ድምቢጥ


ታኅሣሥ 6

ለድምቢጥ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። በተለይ ጤና። መልስ ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ተማክሮ ቁልፉን የጣለ ይመስላል።

ስለ ላቡ፣ ስለ መክሳቱ፣ ስለ ልብሽ የጻፍሽውን ደጋግሜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ያየሁ መስሎኝ ነበር። ግን አይደለም። አንቺ ወጣት ነሽ። ምናልባት ሻይና ቡና አብዝተሽ ይሆናል፤ ተዪው። ጫማሽንም ሶሉ ጠንከር ባለ ለውጪ። ሐኪም ማየት ከፈለግሽ ሂጂ፤ አትሂጂ አላልኩም። ለመሄድ የግድ መታመም አያስፈልግም፣ ሰው እንዲሁም ይሄዳል። እንዲያውም ሂጂ። ግን ሐኪም ስለ ተኩስ ምን ያውቃል? ቢሆንም ሂጂ።

እናትሽ ጉንፋኑ ለቋታል። አሁን ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች፣ ሰንበትበት ትላለች። ስልኩም መስመሩ ችግር አለበት። የብርጭቆው ድምፅ እኔው ነኝ።

ክርንሽን አደራ። ማጣሪያው እስኪያልፍ ሌላ ነገር አታስቢ። ካለፈ በኋላ በሰፊው እናወራለን፤ ብዙ የሚወራ ነገር አለ ማለቴ ሳይሆን፣ እንዲሁ እንደ ቤተሰብ ወግ። እናትሽም እዚህ አጠገቤ ቁጭ ብላ በርቺ በልልኝ ትላለች።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 29

ለአጎቴ፣

እንደምን ከርመሃል? ዘመድ ጥየቃ ሄዳ አጠገብህ ቁጭ ያለችውስ እናቴ እንደምን ናት?

መቆጣት ፈልጌ ነበር። ግን መጀመሪያ የሆነውን ልንገርህ፤ አንተን የማማክርህ ነገር አለ፤ ከአንተ በቀር የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ሐኪም ጋ ሄድኩ። እጄን ዘርጊ አለኝና ጣቶቼ ላይ ወረቀት አስቀመጠ፤ ወረቀቱ ሲርገበገብ ሁለታችንም አየነው። አንገቴን ዳሰሰ፣ ደሜን ወሰደ። የእንቅርት ዕጢሽ ከልክ በላይ እየሠራ ነው አለኝ። እንቅርት የለብኝም፣ አንገቴን እየው ስለው፣ ሳያብጥም ይሠራል አለኝ። ልቤን የሚያስሮጣት፣ የሚያልበኝ፣ የሚያከሳኝ፣ እጄን የሚያንቀጠቅጠው እሱ ነው። ፍርሃት አልነበረም ማለት ነው። ወይም ደግሞ ፍርሃቱም አለ፣ እሱም አለ፤ የቱ ቀዳዳ የየትኛው እንደሆነ እንግዲህ አንተ ለያቸው። ከቤተሰብሽ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት።

ሁለት ዓይነት ክኒን ሰጠኝ። አንደኛው ዕጢውን ቀስ እያለ ያረግበዋል፣ ወራት ይፈጃል። ሁለተኛው ልብን ያረጋጋል። ይህ ሁለተኛው ጉድ ነው፣ ጋሼ። በጀመርኩት ሳምንት አዳራሽ ሄጄ ሽጉጡን ሳነሳ እጄ ቆመ። እንዲህ ቆሞ አያውቅም፣ አንተ ታስተምረኝ በነበረ ጊዜም እንኳ። ረጅሟን በለጥኳት። ከእሷም አልፌ በሕይወቴ መትቼ የማላውቀውን መታሁ። አሰልጣኟ ወረቀቱን ይዛ ቀዳዳዎቹን በጣቷ ቆጠረች፣ ከዚያ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

ፀጉር አስተካካዩ ግን ክኒኑን ከቦርሳዬ ሳወጣ አየው። ወንድሙ ለልቡ ይወስደዋል። «ይህ እኮ ለኛ ክልክል ነው» አለኝ። ለሯጭ ምንም አይጠቅምም፤ ለተኳሽ ግን እጅ ስለሚያረጋ ማጭበርበር ነው። የሚወስድ ሰው መወዳደር አይችልም፣ ታሞም ቢሆን። እሱ ለማንም አይናገርም። እኔም ለአሰልጣኟ አልነገርኳትም። ሐኪሙን፣ ክኒኑን ለውድድሩ ልተወው ወይ ስለው ዓይኑን አፈጠጠብኝ፤ በድንገት ካቆምሽው ልብሽ ላይ አደጋ አለው አለኝ።

ስታመም መምታት አልቻልኩም። ስታከም መምታት አይፈቀድልኝም። ምን ላድርግ? እንደ አሰልጣኝ ንገረኝ።

እማዬንም ስጠኝ። አሁን እየለመንኩህ ነው።

ድምቢጥ


ጥር 14

ለድምቢጥ፣ ለእህቴ ልጅ፣

ፈጣሪ በምሕረቱ ይጠብቅሽ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ ቁልፍ ስቀርጽ ጥርሱን እየሳትኩ ነው፤ ሁለት ደንበኛ መለሰብኝ።

እንደ አሰልጣኝ ንገረኝ አልሽ። አሰልጣኙና አጎትየው እዚህ አንድ ወንበር ላይ ተጣልተዋል። አሰልጣኙ የሚለው እንዲህ ነው፤ ማጣሪያው አንድ ቀን ነው። ክኒኑን ለጥቂት ቀን ብትተዪው ከደምሽ ይወጣል። ተንቀጥቅጠሽም ቢሆን ከረጅሟ አታንሺም፤ እኔ እግሬን ወለም ብሎኝ ተኩሼ አሸንፌያለሁ። አጎትየው ደግሞ የሚለው፣ ሐኪሙ ከቤተሰብ ስለጠየቀሽ ነገር ትንሽ የምነግርሽ…

ቆይ፣ አንድ ሰው በሩን እየደበደበ ነው። ቤቱ ተቆልፎበት ነው መሰል። እመለሳለሁ።

ልጄ፣ እኔ ነኝ፤ እናትሽ።

ወንድሜ መሣሪያውን ይዞ የሰው በር ሊከፍት ሄዷል፣ ቶሎ አይመለስም። ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ትቶት አነበብኩት፤ ከሥሩም የአንቺን አገኘሁና እንደምንም አነበብኩት። ጽሑፍሽ ለዓይኔ ስለሚደቅብኝ እስከ ዛሬ እያነበበ የሚያሰማኝ እሱ ነበር። እየዘለለ እንደሚያነብ አላወቅኩም። እኔን «ድምቢጥ ደህና ናት፣ ወፍራለች» ይለኛል። አንቺን «እናትሽን ጉንፋን ነው» ይልሻል። መሃላችን ቁጭ ብሎ ሁለታችንንም አድኖናል።

ስሚኝ። በክረምቱ ልቤ እየዘለለች አላስተኛ አለችኝ። ከሳሁ፣ እጄ ብርጭቆ አልይዝ አለ፣ አንገቴ ሥር አበጠ። የእንቅርት ዕጢ ነው ብለው መስከረም መግቢያ ላይ ቀደው አወጡልኝ። ዕጢው ሲወጣ ድምፄም አብሮ ሄደ። ሐኪሞቹ ይመለስ ይሆናል ይላሉ፤ እስካሁን ያለኝ ሹክሹክታ ነው። ስልኩን ያላነሳሁት ለዚህ ነው። «እማዬ» ስትዪ መልስ ስታጪ እንዳትደነግጪ ብዬ። ወንድሜ ማጣሪያው ሲያልፍ እንነግራታለን አለኝ፣ እኔም እሺ አልኩ፤ ስለዚህ ጥፋቱን ለሱ ብቻ አትስጪው። ሰው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይላል፤ እኔ በእንቅርት ላይ ወንድም ተጨምሮብኝ ነው።

አሁን ለሐኪምሽ «የለም» ያልሽውን ሄደሽ «አለ» በይው። «እናቴ» በይው። ክኒንሽን እንዳታቋርጪ፤ እኔ ያንን ልብ አውቀዋለሁ። ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊ። መምታት ብትተዪ ሌላ ልጅ የምፈልግ ይመስልሻል?

እኔ ነኝ፣ አጎትሽ፤ ተመልሼ አነበብኩት። ከላይ የጻፍኩትን ልሰርዘው ስል እናትሽ እጄን ያዘችኝ፤ እንዳለ ይሂድ አለች። እሺ። ክኒንሽን ዋጪ። ይህን የሚልሽ የትኛው እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ አሰልጣኙ ወጥቶ ሄዷል።

አጎትሽ


የካቲት 4

ለእማዬ፣ ከዚያ ለአጎቴ፣

ሁለታችሁንም በአንድ ጊዜ ሰላም ማለት ደስ ሲል! እማዬ፣ አንገትሽን እስመዋለሁ፣ ቁስሉን ሳልነካ።

ደብዳቤያችሁ ሲደርሰኝ ማጣሪያው አልፎ ነበር። «ተዪው» እና «ዋጪው» አንድ ፖስታ ውስጥ ተጣጥፈው ዘግይተው መጡ። እንኳንም ዘገዩ፤ ቀድመው ቢመጡ የቱን እንደምሰማ እንጃ።

የዚያን ዕለት ክኒኑን ውጬ ሄድኩ። ላጭበረብር አልነበረም፤ ላላጭበረብርም አልነበረም። ሐኪሙ አታቋርጪ ስላለኝ ዋጥኩት፣ ስሜ ስለተመዘገበ ሄድኩ። ለአሰልጣኟ ልነግራት አፌን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ሰው ይጠራታል። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ሲጠሯት እፎይ እል ነበር።

ተራችን ደርሶ መስመሩ ላይ ቆምን፣ እኔና ረጅሟ ጎን ለጎን። መጀመሪያ ነጥብ የማይያዝባቸው የሙከራ ጥይቶች አሉ። ሽጉጡን አነሳሁ። ማነጣጠሪያው ከጥቁሩ ክብ ሥር ሄዶ ቆመ። ሳብኩ፣ መሃል። ደግሜ ሳብኩ፣ መሃል። ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ወረቀቴን ለማየት አንገቱን አሰገገ። እኔን ግን ደስ አላለኝም፣ እማዬ። ስንት ወር የለመንኩት ጸጥታ መጥቶ እንግዳ ሆነብኝ። የሰው ክንድ የያዝኩ መሰለኝ። ረጅሟን ዞር ብዬ ሳያት እጇ ይንቀጠቀጣል፤ እሷ የምትንቀጠቀጠው ከፍርሃት ነው፣ ፍርሃቷንም ራሷ ተሸክማው መጥታለች። ሽጉጡን አስቀመጥኩና እጄን አወጣሁ።

ዳኛው መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ሽጉጡን ይመረምር ጀመር። «ሽጉጡ ደህና ነው፤ የታመምኩት እኔ ነኝ» አልኩት። እጄን አየና «አይንቀጠቀጥም እኮ» አለኝ። «እሱ ነው ችግሩ» አልኩት። ሰውየው ግራ ገባው። እኔም እያስረዳሁት ግራ ገባኝ። በመጨረሻ አሰልጣኟ መጣችና ስለ ክኒኑ ነገርኳት። አልተቆጣችም። «ስትድኚ ነይ» አለችኝ፤ ዓይኗ ግን ከኔ ወደ ረጅሟ አልፎ ነበር። ቦታውን ረጅሟ ወሰደች። ጎበዝ ናት፣ ምን ይደረግ!

ልብስ መቀየሪያው ከዋናተኞቹ ጋር አንድ ነው። ጥግ ይዤ አለቀስኩ፣ በጣም አለቀስኩ። አንዲት የማላውቃት ሴት ፎጣዋን አቀበለችኝ፤ ፊቴ የራሰው ከገንዳው ወጥቼ መስሏት።

ጋሼ፣ አዝኜብሃለሁ። ስለ ልቤ ስጽፍልህ ያንን ልብ ታውቀው ነበር፤ ቤትህ ውስጥ አይተኸዋል። አንተ ግን ሻይ ተዪ አልከኝ፣ ጫማ ቀይሪ አልከኝ። የእናቴን ሕመም የደበቅህብኝ እንዳልስት ብለህ ነው። እኔ ደግሞ እሱን ባለማወቄ ወራት ሙሉ ስስት ከረምኩ፣ ጥፋቱም የኔ ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ፈሪ ነሽ ስትለኝ አምኜህ ነበር። ይበርድልኛል። ዛሬ ግን አልበረደልኝም።

ሐኪሙ ጋ ተመልሼ «እናቴ አለች» አልኩት። ብዙ ጻፈ፣ እንደገና ደሜን ወሰደ። መድኃኒቱ ብቻውን ይበቃኝ እንደሆነ ወይም እንደ እማዬ እንደምቀደድ ከዚያ ይታወቃል አለኝ።

እማዬ፣ የካቲት 22 እሑድ ነው። ከሰዓት በኋላ እደውላለሁ። አንሺው። እንድታወሪ አይደለም፤ የማወራው እኔ ነኝ። አንቺ ትንፋሽሽን ብቻ አሰሚኝ። መልስ ባጣ አልደነግጥም። እስከ ዛሬ ያስደነገጠኝ ሌላ ሰው ማንሳቱ ነው።

ልጅሽ


የካቲት 23

ለድምቢጥ፣

ዛሬ ረጅም ሰላምታ ለመጻፍ ድፍረቱ የለኝም። ብቻ ፈጣሪ ካንቺ አይራቅ። አዝኜብሃለሁ ያልሽኝን ተቀብያለሁ፤ ባታዝኚብኝ ይከፋኝ ነበር። ብዙ ሰው አሠልጥኛለሁ፣ እጅ አንብቤያለሁ፣ ወረቀት አንብቤያለሁ። በዚህ ቤተሰብ ሁለት ሰው ታሞ ሲንቀጠቀጥ አንዱን ፍርሃት ነው አልኩ፣ ሌላውን ጉንፋን። ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም። የፈራሁት እኔ ነበርኩ መሰለኝ።

ትናንት ስልኩ ሲጮህ እኔ አልሰማሁም፤ እናትሽ ከወንበሯ ስትነሳ ነው ያየሁት። ከጠዋት ጀምሮ አዲሱን ሻርፕዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ስልኩ ሥር ተቀምጣ ነበር፣ እንደምታያት ሁሉ። ላነሳላት ስል በዓይኗ ተቀመጥ አለችኝ። ቀጥላ ወደ ቁልፍ ማሽኑ ጠቆመች። አጠፋሁት።

ብዙ አወራሽ መሰለኝ፣ ብዙ ሰማች። አንገቷን ትነቀንቃለች፣ በጥፍሯ ስልኩን ቷ ቷ ታደርገዋለች። አንዴ ሳቀች፤ እሷ ስትስቅ አሁን ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። አንዴ ደግሞ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ እዚህ ላይ እኔ ከወንበሬ ተነሣሁ፣ የደሙ ውጤት ይሆናል ብዬ። ዓይኗን ጠረገች። የምን እንባ እንደሆነ ከፊቷ ላነብ ሞከርኩ። አልቻልኩም።

መጨረሻ ላይ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ትከሻዋ ከፍ አለ፣ አንገቷ ላይ ጅማቱ ተገተረ፤ አንድ ቃል ያወጣች መሰለኝ። ከዚያ ዘጋችው። «ምን አለች? ውጤቱ መጣ?» ብዬ ጠየቅኳት። ፈገግ አለች። «ድምፅሽስ ወጣ?» አልኳት። ጉንጬን መታ መታ አድርጋኝ ወደ ጓዳ ገባች።

እና ይኸው ተቀምጫለሁ። ልትቀደጂ ነው፣ ልትድኚ ነው፣ አላውቅም። እህቴ ድምፅ ይኑራት አይኑራት፣ እዚሁ አንድ ቤት ሆነን፣ አላውቅም። ክፉም ቢሆን ጻፊልኝ፣ ድምቢጥ፤ ምንም ሳትዘልዪ ጻፊልኝ፣ እንዳለ ጻፊልኝ። ቁጣሽ እስኪበርድ ካልሽም እጠብቃለሁ፤ ይህቺን አንዷን ግን ቶሎ መልሺልኝ። ጆሮዋ ያንቺ ነበር፣ አፏም ወዳንቺ ነበር። ሰምተሻል? ምን አለችሽ?

አጎትሽ